ማውንት ቨርነን፦ ራሱን የቻለው ርስት በማን ጉልበት ቆመ?

ባለ ማኅደር (የክሩ ከፋች)

ጤና ይስጥልኝ። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ ስለሆነ የጆርጅ ዋሽንግተንን የገጠር መኖሪያ፣ ማውንት ቨርነንን፣ ሳናየው አልቀረንም። ከሩቅ አገር ዘመድ ሲመጣብን ይዘን የምንሄድበት ቦታ ነው፤ ቤቱን እንዞራለን፣ ከበስተጀርባው ካለው ሰፊ በረንዳ ላይ ሆነን የፖቶማክን ወንዝ እንመለከታለን፣ ከዚያም እንመለሳለን። እኔ በዚህ ክር ማንሣት የምፈልገው ከቤቱ ይልቅ ቤቱን ያኖረውን ርስት ነው። ርስቱ እህሉን አምርቶ፣ ዱቄቱን ፈጭቶ፣ ልብሱን ፈትሎና ሸምኖ፣ ብረቱን ቀጥቅጦ የሚኖር፣ ከውጭ ብዙም የማይፈልግ ማኅበር እንደ ነበረ ደጋግሞ ይነገራል። ይህ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ከእናንተ ጋር መመርመር እፈልጋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው ከ1674 ጀምሮ በዋሽንግተን ቤተሰብ እጅ ነበረ። የጆርጅ አባት አውገስቲን በ1734 አነስ ያለ ቤት ሠሩበት፤ ታላቅ ወንድሙ ሎውረንስም በአለቃው በእንግሊዛዊው አድሚራል በኤድዋርድ ቨርነን ስም ሰየመው። ሎውረንስ በ1752 ከሞተ በኋላ ጆርጅ ርስቱን ከ1754 ጀምሮ ከመበለቲቱ ተከራይቶ ያዘ፤ እርሷ በ1761 ስታርፍ ደግሞ ወረሰው። ቤቱን በ1758 ወደ ላይ ከፍ አደረገው፤ ከ1774 ጀምሮም በግራና በቀኝ አስረዘመው። ከሩቅ ሲታይ የተጠረበ ድንጋይ የሚመስለው የውጭ ግድግዳ የጥድ ሳንቃ ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ስለተበተነበት ነው የድንጋይ መልክ የያዘው።

መሬቱ እየተገዛና እየተጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ወደ 8,000 ኤከር ተጠግቶ ነበር፤ በእኛ ልክ ሲሰላ 80 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። ርስቱ በአምስት እርሻዎች ተከፍሎ፣ በየእርሻው አንድ የሥራ አለቃ ነበረ። ዋሽንግተን በመጀመሪያ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ትንባሆ ያመርት ነበር። ትንባሆውን ለንደን ለሚገኙ ነጋዴዎች ይልካል፣ ነጋዴዎቹ በራሳቸው ዋጋ ይሸጡለታል፣ በገንዘቡም የቤት ዕቃና ልብስ ገዝተው ይልኩለታል፤ ሒሳቡ ሲዘጋ ግን ዕዳው እየጨመረ ይገኛል። ትንባሆ መሬትን ክፉኛ ያደክማል። ስለዚህ በ1760ዎቹ አጋማሽ ትንባሆን ትቶ ስንዴን ዋና ሰብሉ አደረገ። የርስቱ ታሪክ የተለወጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስንዴ በዓመቱ ውስጥ ለሌላ ሥራ የሚሆን ጊዜ ይተዋልና፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ በርሜል ሠሪውና ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ከዚህ በኋላ በዙ።

ስንዴው በ1771 በተሠራው የውኃ ወፍጮ እየተፈጨ ዱቄቱ እስከ ካሪቢያን ደሴቶችና እስከ አውሮፓ ይሸጥ ነበር። በ1791 ወፍጮው በኦሊቨር ኢቫንስ ዘዴ ታደሰ፤ እህሉ በባልዲ መሰላል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ተፈጭቶ፣ ዱቄቱ ቀዝቅዞ የሰው እጅ ብዙም ሳይነካው ወደ በርሜል ይወርዳል። የዚህን ፈጠራ የባለቤትነት ማረጋገጫ በፕሬዚዳንትነቱ የፈረመው ራሱ ዋሽንግተን ነበር። በየጸደዩ፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ ሄሪንግና ሻድ የሚባሉት ዓሦች ከባሕር ወደ ወንዙ ሲወጡ በመረብ ይሳባሉ፤ በመልካም ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዓሣ ተይዞ፣ ጨው ተነስንሶበት በበርሜል ይከተት ነበር። ከዚህ ከፊሉ ለሠራተኞቹ ቀለብ፣ የቀረው ለገበያ ነው።

መጨረሻ ላይ የመጣው የአረቄ ቤቱ ነው። የስኮትላንድ ተወላጁ የእርሻ ሹም ጄምስ አንደርሰን ሐሳቡን አቅርቦለት በ1797 ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመዳብ የተሠሩ አምስት የአረቄ ማውጫዎች ያሉት የድንጋይ ቤት ተሠራ፤ በ1799 ከ40,000 ሊትር በላይ ውስኪ ወጣ። ድብልቁ 60 በመቶ አጃ (ራይ የሚባለው)፣ 35 በመቶ በቆሎ፣ 5 በመቶ የገብስ ብቅል ነበር። አጃውና በቆሎው ከእርሻው ይመጣል፣ ወፍጮው አጠገብ ስለሆነ እዚያው ይፈጫል፣ አተላው ለአሳማዎችና ለከብቶች ይሰጣል፣ የከብቶቹ ፍግ ተመልሶ ወደ እርሻው ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ትርፍ እንዲበላ ተደርጎ የተዘረጋ ሥራ ስለ ሆነ፣ እኔ በበኩሌ የዋሽንግተንን የእርሻ ዕውቀት ከልብ አደንቃለሁ።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህንን ሁሉ ስናይ ርስቱ በእውነት ራሱን ችሎ ነበር ማለት እንችላለን?

አዝመራ

የተከበሩ ባለ ማኅደር፣ ስለከፈቱት ርእስ አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄዎ ከመግባቴ በፊት ያላነሡትን አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ የገበሬ ልጅ በመሆኔ ማውንት ቨርነን ስሄድ ከሁሉ በፊት የምሄደው ወደ ወንዙ ዳር ወዳለው፣ አሥራ ስድስት ጎን ወዳለው ጎተራ ነው።

ስንዴው የሚወቃው በአገራችን አውድማ እንደምናውቀው በከብት እግር ነበር፤ ልዩነቱ በበሬ ፈንታ ፈረስና በቅሎ መጠቀማቸው ነው። ነገር ግን በሜዳ ላይ ሲወቃ እህሉ ከአፈርና ከፋንድያ ጋር ይቀላቀላል፣ ዝናብ ከመጣም ይበላሻል። ዋሽንግተን በ1793 በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንድ ምሬት አለ፦ ሠራተኞች በውስጥ ሆነው በዱላ እንዲወቁበት ብሎ ትልቅ ጎተራ አሠርቶ፣ ከሄደበት ሲመለስ እህሉ ከጎተራው ወጥቶ፣ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በሜዳ ላይ በፈረስ ሲረገጥ አገኘው። እንግዲህ ሰዎቹን ከልማዳቸው ማላቀቅ ሲያቅተው ልማዱን ራሱን ወደ ቤት ውስጥ አስገባው ማለት ይቻላል። በአዲሱ ጎተራ ፈረሶቹ በላይኛው ፎቅ ላይ በክብ እየዞሩ ይረግጣሉ፤ ወለሉ የተነጠፈው በሳንቃዎቹ መካከል ክፍተት እየተተወ ስለሆነ ፍሬው ወደ ታች ይወርዳል፣ ገለባው ከላይ ይቀራል። ንድፉን በ1792 ያወጣው ራሱ ነው፤ የሠሩት ግን በባርነት የተያዙ አናጢዎች ናቸው፣ በ1795ም ተጠናቀቀ። ዛሬ የምናየው በ1996 በጥንቱ ልክ እንደገና የተሠራው ነው።

ስለ ፍጉም ልናገር። በ1787 ከፈረስ ቤቱ አጠገብ ፍግ የሚከማችበትና የሚብላላበት ጣሪያ ያለው ቤት አሠራ፤ የወንዝ ዳር ጭቃና የዓሣ ትራፊም በማዳበሪያነት ሞክሯል። ትንባሆ ያደከመውን መሬት ለማዳን ሰብል እያፈራረቀ ይዘራ ነበር፤ ከስፔን ንጉሥ በ1785 በስጦታ በተላከለት ወንድ አህያም በቅሎ ማራባት ጀመረ። ለመሬት እንዲህ የተጨነቀ ባለ ርስት በዚያ ዘመን በቨርጂንያ ብዙ አልነበረም።

ሚዛን

ሁለቱም ጽሑፎች በጣም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን በቀጥታ ለጥያቄው መልስ ስሰጥ፣ ርስቱ ራሱን ችሎ አያውቅም እላለሁ።

ያን ሁሉ ዓሣ ያለ ጨው ማቆየት አይቻልም፤ ጨው ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሸቀጥ ነበር። ለመስክ ሠራተኞቹ የሚሰፋው ሻካራ ልብስ ከፊሉ በርስቱ ቢሸመንም፣ ኦስናበርግ የሚባለው ጠንካራ የተልባ እግር ጨርቅ በብዛት ከውጭ ይገዛ ነበር። የመስኮት መስታወት፣ የማዴይራ ወይን፣ ሻይ፣ የተዋበ የቤት ዕቃ፣ ሁሉም በመርከብ ይመጣል። የፈትሉና የሽመናው ሥራ ራሱ የተስፋፋው በ1760ዎቹ መጨረሻ፣ ቅኝ ግዛቶቹ ከብሪታንያ ፓርላማ ጋር በቀረጥ ተጣልተው የእንግሊዝን ዕቃ አንገዛም ባሉበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሽመናው ከኑሮ ዘዴነቱ ይልቅ የፖለቲካ አቋም ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። በሌላም በኩል፣ ዱቄቱም ዓሣውም ውስኪውም የተመረቱት በዋናነት ለገበያ ነው። ገበያ ባይኖር አምስቱ ማውጫዎች ምን ይሠራሉ? ዋሽንግተን የፈለገው ከለንደን ነጋዴዎች ዕዳ መላቀቅን እንጂ ከዓለም መለየትን አይመስለኝም፤ በዚህም ተሳክቶለታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይባል። ባለቤቱ ከ1775 እስከ 1783 በጦር ሜዳ፣ ከ1789 እስከ 1797 በፕሬዚዳንትነት ላይ ነበር። በፕሬዚዳንትነቱ ዘመን ሹሙ በየሳምንቱ በየትኛው እርሻ ማን ምን እንደ ሠራ፣ ስንት ሰው እንደ ታመመ፣ ስንት ጥጃ እንደ ተወለደ ዘርዝሮ ይልክለታል፤ እርሱም ረጅም ደብዳቤ ይመልሳል። እኛ ዛሬ ስለ ርስቱ ይህን ያህል የምናውቀው ባለቤቱ በቦታው ስላልነበረ ነው።

ፈታይ

ወንድሞቼ፣ እስካሁን የተጻፈውን በጥሞና አንብቤያለሁ። ሚዛን ከውጭ ስለሚመጣው ጨውና ጨርቅ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ ግን ትልቁ ነገር ገና በሚገባው ስፋት አልተነሣም እላለሁ። በ1799 በርስቱ ላይ በባርነት የሚኖሩ 317 ሰዎች ነበሩ። ባለ ማኅደር «ወፍጮው ፈጨ፣ አረቄው ወጣ» በሚል አገላለጽ የጻፉትን ሥራ ሁሉ የሠሩት እነርሱ ናቸው። የአረቄ ቤቱን ሠራተኞች ስም እንኳ እናውቃለን፦ ሐንሰን፣ ፒተር፣ ናት፣ ዳንኤል፣ ጄምስና ጢሞቴዎስ ይባሉ ነበር።

ከመስክ ሠራተኞቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ ያርሳሉ፣ አጥር ያጥራሉ፣ ፍግ ይበትናሉ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ፀሐይ ከምትወጣበት እስከምትጠልቅበት ይሠራ ነበር። የአንድ አዋቂ ቀለብ በቀን አንድ ሊትር ገደማ የበቆሎ ዱቄትና ጥቂት ጨው የገባው ዓሣ ነው። ልብስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለሆነ ዓመቱ ሳያልቅ ያልቃል። ባልና ሚስት በተለያዩ እርሻዎች ስለሚመደቡ ብዙ ቤተሰቦች የሚገናኙት በእሑድ ብቻ ነበር። በዚያችው በእሑድ ደግሞ ጓሯቸውን ይኮተኩታሉ፣ ዶሮ ያረባሉ፣ ያተረፉትን በአሌክሳንድሪያ ገበያ ይሸጣሉ፤ እንቁላልና ዶሮ ለዋሽንግተን ቤት ራሱ የሚሸጡም ነበሩ። ይህንን የምጠቅሰው ለማስዋብ አይደለም። ቀለቡ ስለማይበቃ የጎደለውን በዕረፍት ቀናቸው ይሞሉ እንደ ነበር እንዲታይ ነው። ርስቱ ወጪውን ከቻለባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ስለ ኦና ጀጅም እንድታስቡ እፈልጋለሁ። እናቷ ቤቲ በማውንት ቨርነን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ኦናም ከእናቷ ሙያውን ተምራ የወይዘሮ ማርታ ዋሽንግተን የቅርብ አገልጋይ ሆነች። ፕሬዚዳንቱ በፊላደልፊያ ሳሉ፣ ወይዘሮዋ ለልጅ ልጃቸው በስጦታ ሊሰጧት ማሰባቸውን ሰማች። በግንቦት 1796 ቤተሰቡ እራት ላይ ሳለ ከቤት ወጥታ በመርከብ ወደ ኒው ሃምፕሸር ሄደች። እርሷን ለሚመልስ 10 ዶላር እንደሚሰጥ በጋዜጣ ታወጀ፤ ዋሽንግተንም ሰው እየላከ ለማስመለስ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። በ1848 እስክትሞት ድረስ በድህነት ኖረች። በስተርጅናዋ በ1840ዎቹ ለጋዜጣ በሰጠችው ቃል ግን በመሄዷ እንዳልተጸጸተች ተናግራለች። ወጥ ቤቱን ያስከበረው ታዋቂው አብሳይ ሄርኩሊስም እንዲሁ በየካቲት 1797፣ በጌታው ልደት ቀን፣ ከማውንት ቨርነን ጠፍቶ ሄደ። በትልቁ ቤት ውስጥ የተሻለ ይበሉና ይለብሱ የነበሩት እንኳ ከሸሹ፣ ስለ ርስቱ ምሉዕነት ከማንኛውም የሒሳብ መዝገብ ይልቅ የእነርሱ እግር ይመሰክራል።

የድሮ ተማሪ

እኅቴ ፈታይ፣ የጻፉት ልብ የሚነካ ነው፤ እውነትነቱንም አልክድም። ይሁን እንጂ ሰውን በዘመኑ መመዘን የሚገባ ይመስለኛል። ዋሽንግተን በአሥራ አንድ ዓመቱ አባቱ ሲሞቱ በባርነት የተያዙ ሰዎችን የወረሰ ልጅ ነበር፤ ያደገበት ዓለም ይህ ነው። ሆኖም በ1799 በጋ በጻፈው ኑዛዜ፣ በስሙ ያሉትን ሁሉ ነፃ እንዲወጡ አዘዘ፤ ሽማግሌዎቹ እንዲጦሩ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ማንበብና ሙያ እንዲማሩ ጨምሮ ደነገገ። ከአገሪቱ መሥራቾች መካከል በቨርጂንያ ይህንን ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው። ይህ መቆጠር የለበትም?

ፈታይ

የተከበሩ የድሮ ተማሪ፣ መቆጠርማ አለበት። ሲቆጠር ግን እስከ መጨረሻው ይቆጠር። ከ317ቱ ሰዎች በዋሽንግተን ስም የነበሩት 123 ብቻ ነበሩ። ሌሎች 153 ሰዎች የወይዘሮ ማርታ የመጀመሪያ ባል የዳንኤል ካስቲስ ውርስ ናቸው፤ ወይዘሮዋ በመበለት ድርሻቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ በጉልበታቸው ይጠቀማሉ እንጂ፣ እርሳቸውም ሆኑ ጆርጅ ዋሽንግተን በሕግ ነፃ ሊያወጧቸው አይችሉም ነበር። የቀሩት ከጎረቤት በኪራይ የመጡ ናቸው። የሁለቱ ወገን ሰዎች ደግሞ ለአርባ ዓመት ያህል እርስ በርስ ተጋብተው ወልደዋል። ስለዚህ ኑዛዜው ሲፈጸም አባት ነፃ ወጥቶ እናትና ልጆች በባርነት የቀሩባቸው ቤቶች ነበሩ።

ኑዛዜው ሰዎቹ ነፃ የሚወጡት ወይዘሮ ማርታ ሲሞቱ ነው ይላል። ወዲያው ነፃ የወጣው የግል አገልጋዩ ዊልያም ሊ ብቻ ነው፤ በዓመት 30 ዶላር ጡረታም ተወሰነለት። እንግዲህ ከመቶ ሃያ በላይ ሰዎች ነፃነታቸው በአንዲት አሮጊት ሴት ሞት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ እርሷ በመካከላቸው ትኖራለች። በ1800 ማብቂያ ላይ የጎበኟቸው የፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ባለቤት አቢጌል አዳምስ፣ ወይዘሮዋ ለሕይወታቸው እንደሰጉ በደብዳቤ ጽፈዋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ወይዘሮ ማርታ በባላቸው ስም የነበሩትን ሁሉ ነፃ አወጧቸው። ወይዘሮዋ በ1802 ሲያርፉ ግን የካስቲስ ወገን የሆኑት ለአራቱ የልጅ ልጆች ተከፋፈሉ፤ ቤተሰቦችም ተበታተኑ።

ኑዛዜው መልካም ሥራ ነው ቢሉ አልከራከርዎትም። እኔ የምለው ዋሽንግተን በአእምሮው የዘረጋው ያ የተቀናጀ ርስት፣ ከወፍጮው እስከ አተላው ድረስ፣ ሠራተኛውን በግዴታ ከመያዝ በቀር ሌላ ምሰሶ እንዳልነበረው ነው። ሰዎቹ ሲወጡ ርስቱ አብሮ ፈረሰ።

ሚዛን

በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ላይ እኅቴ ፈታይን የሚያግዝ ማስረጃ ላቅርብ። ከወይዘሮ ማርታ ሞት በኋላ መሬቱ ለተለያዩ ወራሾች ተከፋፈለ፤ ቤቱ ለወንድሙ ልጅ ለዳኛ ቡሽሮድ ዋሽንግተን ደረሰ። የአረቄ ቤቱ በ1814 ተቃጠለ። በ1850ዎቹ ቤቱ ቀለሙ ተልጦ፣ በረንዳው በመርከብ ምሰሶዎች ተደግፎ ቆሞ ነበር። በነፃ የወጡት ሽማግሌዎች ግን እስከ 1830ዎቹ ድረስ ከኑዛዜው ገንዘብ ሲጦሩ ቆይተዋል፤ የርስቱ ክፍያ ከርስቱ ዕድሜ በለጠ ማለት ነው።

አዝመራ

ወዳጆቼ፣ ሚዛንና ፈታይ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ስለ ጎተራው የጻፍኩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያ የ1793 ደብዳቤ የባለቤቱን ምሬት ብቻ ነው የያዘው። ለሠራተኞቹ ግን ቀኑን ሙሉ በዱላ ከመውቃት እህሉን በፈረስ ማስረገጥ ጉልበት የሚያድን ሥራ ነው። የዱላውን ድካም የሚያውቀው የጨበጠው ሰው ስለሆነ፣ ምርጫቸው በዕውቀት የተደረገ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሥራ ስድስት ጎን ያለው ጎተራ የተወለደው ከዋሽንግተን ንድፍና ከእነርሱ እምቢታ በአንድነት ነው።

የመንገድ ወዳጅ

በጽሑፎቹ ብዙ ተምሬያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቤቱ በ1850ዎቹ ፈርሶ ለመውደቅ ከተቃረበ ማን አዳነው? ደግሞስ ልጆቼን ይዤ ብሄድ፣ እዚህ የተነሣውን ሁሉ ለማየት የትኛውን ክፍል ላስቀድም?

ባለ ማኅደር

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ሴቶች ናቸው። የደቡብ ካሮላይናዋ አን ፓሜላ ከኒንግሃም በ1853 ለሴቶች የትብብር ጥሪ አቀረቡ፤ በየክፍለ ግዛቱ ወይዛዝርት ተሾመው ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ንግግር አዋቂው ኤድዋርድ ኤቨረት በየከተማው ስለ ዋሽንግተን ንግግር እያደረጉ 70,000 ዶላር ገደማ አስገኙ። ማኅበሩ በ1858 ቤቱንና 200 ኤከር ያህል መሬት በ200,000 ዶላር ለመግዛት ተዋዋለ፤ በ1860 ተረከበ። በዚያን ጊዜ ሴቶች የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። በእርስ በርሱ ጦርነትም ጊዜ ቦታው ገለልተኛ ሆኖ ቆየ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ ድረስ የመንግሥት ድጎማ ሳይቀበል በመግቢያ ክፍያ፣ በስጦታና በሽያጭ ያስተዳድረዋል።

ስለ ጉብኝቱ፦ ልጆቹ ሳይደክሙ መጀመሪያ ወደ ሠራተኞቹ መቃብር ይውሰዷቸው። ከዋሽንግተን መቃብር በቅርብ ርቀት፣ በዛፎች መካከል ያለ ቦታ ነው። በ1929 አንድ ድንጋይ ተተከለበት፤ በ1983 ደግሞ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነደፉት ሐውልት ተሠራ። ከ2014 ጀምሮ አርኪዮሎጂስቶች አፅሙን ሳይነኩ የመቃብሮቹን ጉድጓዶች እየለዩ ይመዘግባሉ። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ወደ ጎተራው ውረዱ፤ ሲመለሱ የፈትል ቤቱን፣ ጭስ ቤቱንና የጓሮ አትክልቱን ያያሉ፤ ትልቁን ቤት ለመጨረሻ ያቆዩት። ወፍጮውና በ2007 እንደገና የተከፈተው የአረቄ ቤት በግቢው ውስጥ አይደሉም፤ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ስለሚሉ በመኪና መሄድ ያስፈልጋል፤ ከመነሣትዎም በፊት በዚያ ወቅት ክፍት መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ፈታይ፣ ሥራውን በጠቀስኩበት ቦታ ሁሉ የሠሩትን ሰዎች ማስገባት እንደሚገባኝ ያሳሰቡኝን ተቀብያለሁ። የስድስቱን የአረቄ ቤት ሠራተኞች ስም በክሩ መጀመሪያ ላይ እንዲገባልኝ የመድረኩን አስተዳዳሪዎች ጠይቄያለሁ።